የ1968 ቢትል ዳሽቦርድና የኤሌክትሪክ መስመር፦ አሮጌውን የሽቦ ጥቅል ልጠግን ወይስ ሙሉ በሙሉ ልተካ?

ባለ 68ቱ

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከአባቴ የወረስኩትን የ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስዋገን ቢትል ማደስ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ባለ 1500 ሲሲ ሞተሩ ተፈትቶ ተሠርቷል፤ የአካሉ ላሜራም ታክሞ ቀለም እየጠበቀ ነው። አሁን የቀረኝ ከሁሉም ይልቅ ያስፈራኝ ክፍል ነው፤ ዳሽቦርዱና ከበስተጀርባው ያለው የሽቦ ጥቅል።

ያለብኝን ችግር በዝርዝር ልግለጽ። የነዳጅ መለኪያው መርፌ ታንከሩ ባዶ ሆኖም እንኳ ሙሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር የዳሽቦርዱ መብራት ከፍሬቻው ጋር እኩል እየደበዘዘ ይመለሳል። የፊት መብራቶቹ ብርሃን የሻማ ያህል ቢጫ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ ዘመናዊ ሬዲዮ ለማስገባት የዳሽቦርዱን ላሜራ በመጋዝ ቆርጦታል፤ ሬዲዮው ዛሬ የለም፣ ቀዳዳው ግን አለ። በእጅ ባትሪ ከዳሽቦርዱ ሥር ሳይ፣ ከፋብሪካ የመጡት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች በየመሃሉ እየተቆረጡ በአንድ ዓይነት ቀይ ሽቦ ተቀጥለዋል፤ ቅጥሉም በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ብቻ ነው። ናስትሮው ሙቀት አቅልጦት እጅ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሁሉንም ነቅዬ አዲስ የሽቦ ጥቅል ላስገባ? ወይስ ከፋብሪካ የመጣውን አትርፌ የተበላሸውን ብቻ ልጠግን? መቁረጫውን በእጄ ይዤ እናንተን መጠየቅ መረጥኩ።

ሽቦ ቆጣሪ

ወንድሜ፣ መቁረጫውን ያስቀምጡት። መጠገንም ሆነ መተካት በኋላ የሚወሰን ነው፤ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ካርታው ነው። አሮጌው የሽቦ ጥቅል ምንም ያህል ቢጎሳቆል፣ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚነግርዎት ብቸኛው ምስክር እሱ ነው። እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን ሳድስ በችኮላ ነቅዬ ጥዬው፣ አዲሱ ጥቅል ሲመጣ የትኛው ቅርንጫፍ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያልፍ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

እንደ ዕድል ሆኖ የእርስዎ መኪና የጀርመን ስለሆነች ተርሚናሎቹ (ሽቦዎቹ የሚያያዙባቸው ጫፎች) ቁጥር አላቸው። ዲን 72552 የሚባለው የጀርመን ደረጃ ለየመስመሩ ሥራ ቁጥር ሰጥቶታል። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ የሚመጣና ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፤ 15 ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ነው፤ 31 ግራውንድ ነው፤ ማለትም በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር። 50 ወደ ሞተሪኖ ይሄዳል። 56 የፊት መብራት ሲሆን፣ 56ሀ ረጅሙ፣ 56ለ አጭሩ ነው (በማብሪያው ላይ የሚያዩት በላቲን ፊደል ነው)። 58 የኋላና የመለኪያ መብራት፣ 61 የጄኔሬተር ማስጠንቀቂያ መብራት ነው። ማብሪያዎቹን ፈትተው ጀርባቸውን ቢያዩ እነዚህ ቁጥሮች በላሜራው ወይም በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጸው ያገኟቸዋል። ቀለሞቹም ሥርዓት አላቸው፤ በአብዛኛው ቀይ ለ30፣ ጥቁር ለ15፣ ቡናማ ለ31፣ ግራጫ ለ58፣ ነጭ ለረጅም መብራት፣ ቢጫ ለአጭር መብራት ነው። ስለዚህ ቀይ ሽቦ በተቀጠለ ቁጥር የመኪናዋ ቋንቋ እየጠፋ ነው የሄደው ማለት ነው።

ሥራውን እንዲህ ይጀምሩ። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። በቢትል ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር እንደሆነ ያውቃሉ፤ የወንበሩ ሞላ ብረት ስለሆነ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ፖዘቲቭ ሊነካና የወንበሩን ሙሌት ሊያቀጣጥል ይችላል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቢትሎች ጥቂት አይደሉምና የባትሪው መክደኛ ከሌለ ሌላ ሥራ ሳይጀምሩ እሱን ያሟሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት በሁለቱም ጫፍ የተርሚናሉን ቁጥር የጻፉበት ወረቀት ይለጥፉበት፤ ፎቶ ያንሡ፤ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይም ይሳሉት። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ከሌሎች ሽቦዎች ኋላ የተደበቀውን አያሳይም።

ነሐስና መዳብ

ስለ ካርታው ከሽቦ ቆጣሪ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ መጠገኑ ግን አቋሜ የተለየ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ሽቦ መተካት አለበት እላለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

ሽቦ የሚያረጀው በሁለት በኩል ነው። የውጭው ፕላስቲክ ሽፋን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ከሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ እየተነነ ስለሚወጣ ይደርቃል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። ከዚያ ዘመን በፊት የተሠሩ፣ ጎማ ለብሰው በላዩ የጥጥ ሽሩባ የተደረበላቸው ሽቦዎች ደግሞ ይብሳሉ፤ ሽሩባው ደህና መስሎ ይታያል፣ ውስጡ ያለው ጎማ ግን ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ሁለተኛው እርጅና የመዳቡ ነው። እርጥበት ከተርሚናሉ በኩል ገብቶ በቀጫጭኖቹ ክሮች መካከል እየተሳበ ይሄዳል፤ መዳቡም ይጠቁራል፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ይለብሳል።

ሁለቱንም መፈተሽ ቀላል ነው። ሽቦውን በጣትዎ መካከል ሁለት እጥፍ አድርገው ያጥፉት፤ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ወይም ከነጣ ጊዜው አልፏል። ቀጥሎ ተርሚናሉን ቆርጠው ሽፋኑን አንድ ሳንቲሜትር ይግፈፉ፤ መዳቡ ጥቁር ከሆነ ሌላ ሁለት ሳንቲሜትር ይግፈፉ። እዚያም ጥቁር ከሆነ ያንን ሽቦ ማዳን አይቻልም፤ አዲስ ተርሚናል ቢጨመቅበት እንኳ መዳቡ ኤሌክትሪኩን በቅጡ አያስተላልፍም።

ለመሆኑ የፊት መብራቶቹ ላይ ስንት ቮልት ይደርሳል? በቴስተር ለክተው ቢነግሩን ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ሲለኩ መብራቱ በርቶ መሆን አለበት፤ ኤሌክትሪክ በማይፈስበት መስመር ላይ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ ሙሉ ቮልት ያሳያልና።

ባለ 68ቱ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባትሪው መክደኛ አልነበረም፤ ዛሬ አሟልቻለሁ።

ልኬቱ ይኸው። አጭር መብራት በርቶ ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት፣ በግራው አምፖል ሁለት እግሮች መካከል 10.9 ቮልት አገኘሁ። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ ፖዘቲቭ አድርጌ ስለካ 1.1 ቮልት፣ ከአምፖሉ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ደግሞ 0.5 ቮልት ሆነ። ድምሩ 1.6 ስለሆነ ሒሳቡ በትክክል ይገጥማል። ይህ ብዙ ነው?

ነሐስና መዳብ

በጣም ብዙ ነው። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቱ በጥቂቱ ሲቀንስ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ከ12.5 ወደ 10.9 የወረደ አምፖል ከብርሃኑ ከሲሶ በላይ አጥቷል። ቢጫ የሆነብዎትም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ጥፋቱ የሽቦው ርዝመት መሆን አለመሆኑን በስሌት እንፈትሸው። አንድ ሜትር ርዝመትና 1 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ተቃውሞው 0.0175 ኦም ገደማ ነው። ለአንድ አምፖል የሚሄደው ሽቦ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ርዝመቱም 5 ሜትር ነው ብንል ተቃውሞው 0.058 ኦም ይሆናል። 45 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ስለሚስብ፣ ሽቦው በራሱ ሊበላ የሚችለው 0.22 ቮልት ብቻ ነው። ለጋራው መስመር ጥቂት ብንጨምርለት እንኳ ግማሽ ቮልት አይሞላም። የእርስዎ ግን በፖዘቲቭ በኩል ብቻ 1.1 ነው። ስለዚህ የተቀረው የጠፋው በሽቦው ላይ ሳይሆን በመገናኛዎቹ ላይ ነው፤ ፊውዝ፣ ማብሪያ፣ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) እና ያ በእጅ የተጠመዘዘው ቅጥል። ጠቅሎ መተካት ይሻላል ብዬ ነበር፤ ይህ ልኬት ግን ጥቅሉ ራሱ ከጠበቅኩት በላይ ደህና ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ሽቦ ቆጣሪ

ከፊውዝ ሳጥኑ ይጀምሩ። በዚያ ዘመን የነበሩት ፊውዞች ሁለት ጫፋቸው ሹል፣ አካላቸው ሸክላ ወይም ፕላስቲክ፣ ጀርባቸው ላይ ቀጭን የብረት ቅጠል ያለባቸው ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ቅጠሉ ሳይቃጠል ጫፎቹ ብቻ ይበልዛሉ፤ የያዘው የነሐስ ምላስም ይላላል። ፊውዙን በጣትዎ ቢያዞሩት መብራቱ ከደመቀ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ምላሶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽድተው በፒንሳ ጥቂት ወደ ውስጥ ያጥብቧቸው፤ ፊውዞቹን ግን አጽድቶ መልሶ ማስገባት አያዋጣም፣ ሁሉንም በአዲስ ይተኩ።

ከዚያ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አስረው ሌላውን ደረጃ በደረጃ ወደ ፊት ያራምዱት፤ ከማብሪያው በፊትና በኋላ፣ ከረጅምና አጭር መቀየሪያው ሪሌይ በፊትና በኋላ፣ ከፊውዙ በፊትና በኋላ። ቁጥሩ በድንገት የዘለለበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። በግራውንድ በኩል ያለው 0.5 ደግሞ ቀለም ወይም ዝገት በተርሚናሉና በአካሉ መካከል መኖሩን ያመለክታል። ብሎኑን ፈትተው ላሜራው እስኪያበራ ይፋቁት፣ ካሰሩት በኋላም እርጥበት እንዳይገባው ግራሶ ይቀቡት። ከ0.2 በላይ መቅረት የለበትም።

ዳሽቦርዱ ከፍሬቻው ጋር አብሮ መደብዘዙም የግራውንድ ምልክት ነው ብዬ እገምታለሁ። ሁለቱ ወደ አካሉ የሚመለሱት በአንድ የላላ ነጥብ በኩል ከሆነ፣ ፍሬቻው በሳበ ቁጥር የዳሽቦርዱ አምፖሎች ድርሻ ይቀንሳል።

የድሮ መርፌ

ስለ ነዳጅ መለኪያው አንድ ነገር ልጨምር፤ የምሠራው በመለኪያዎች ላይ ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከተኛል። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ የቢትል ነዳጅ መለኪያ በኬብል የሚሳብ ሜካኒካል ነበር፤ በ1968 ግን ኤሌክትሪክ ሆኖ ከፍጥነት መለኪያው ጋር በአንድ ቤት ገባ። በታንከሩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ተቃውሞውን ይለውጣል፤ ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ተቃውሞው ወደ 10 ኦም ይወርዳል፣ ባዶ ሲሆን ከ70 በላይ ይወጣል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፤ ከታንከሩ የሚመጣው ሽቦ በመንገዱ የአካሉን ብረት ከነካ መለኪያው ተቃውሞ የለም ብሎ ስለሚያምን ሁልጊዜ ሙሉ ያሳያል።

የፊት ኮፈኑን ከፍተው ምንጣፉን ያንሡና ከታንከሩ አናት ላይ ያለውን ሽቦ ይንቀሉት። ቁልፉን ከፍተው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ መርፌው በሙቀት በሚታጠፍ ድርብ ብረት ስለሚሠራ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። መርፌው ወደ ባዶ ከወረደ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ነው። ሙሉ ላይ ከቀረ ሽቦው በመካከል አካሉን ነክቷል፣ ወይም መለኪያው ራሱ ተበላሽቷል።

እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ፣ ቁጥሮቻቸውና መርፌዎቻቸው በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡ አንዳንድ መለኪያዎች ራዲየም አለባቸው። ቀለሙ ዛሬ ማብራት አቁሞ ሊሆን ይችላል፤ ያቆመው ግን ጨረሩን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ንጥረ ነገር ስለተዳከመ ነው። ራዲየሙ ራሱ ግማሽ ዕድሜው 1600 ዓመት ገደማ ስለሆነ ጨረሩ እንደነበረ አለ። እንዲህ ያለ መለኪያ መስታወቱ አይከፈት፣ ቀለሙ በፍጹም አይፋቅ፤ አቧራው በትንፋሽ ከገባ ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም። በጨረር መለኪያ አስመርምረው ለሚመለከተው ባለሙያ ይስጡት። የባለ 68ቱ ቢትል ይህ ስጋት የለባትም።

ላሜራ ወዳድ

ሁሉም ስለ ሽቦ ሲነጋገር ስለተቆረጠው ዳሽቦርድ የጠየቀ የለም፤ እኔ ግን ያንን ሳነብ ነው ልቤ ያዘነው። የቢትል ዳሽቦርድ የአካሉ ክፍል የሆነ ላሜራ ስለሆነ ቀዳዳውን በስቱኮ መሙላት አይቻልም፤ በንዝረት ተሰንጥቆ ይወድቃል። ከተጣለ ሌላ ቢትል የተቆረጠ የዳሽቦርድ ቁራጭ ቢገኝ ከሁሉ ይሻላል፤ ኩርባው ከፋብሪካ የተሠራ ነውና። ካልተገኘ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ላሜራ ቆርጠው ከቀዳዳው ጋር ክፍተት ሳይኖር እንዲገጥም ያድርጉት።

ብየዳው በመስመር አይሄድም። አንድ ነጥብ ከላይ፣ አንድ ነጥብ ከታች፣ ቀጥሎ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ እያሉ፣ በእጅ ለመንካት እስኪችሉ ድረስ በየመካከሉ እያቀዘቀዙ ነው። አንድ ላይ ሲያሞቁት ላሜራው ይለጠጥና እንደ ከበሮ ቆዳ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚል ይሆናል፤ ያንን ማስተካከል ከቀዳዳው ይከብዳል።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ግን ይህንን ነው። በቢትል የነዳጅ ታንከሩ ያለው ከዳሽቦርዱ ላሜራ ፊት ለፊት ነው። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው ትነት ነውና። ታንከሩን ከነቱቦው አውጥተው ከሥራው ቦታ ርቆ እንዲቀመጥ ሳያደርጉ የብየዳ ፍንጣሪ አጠገቡ እንዳይደርስ።

ሌሎች መኪኖች ላይ ያለው ስፖንጅ የተሞላ የቪኒል ዳሽቦርድ ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱ የሚሰነጠቀው እንደ ሽቦው ሽፋን ማለስለሻው ስለሚተንን ነው። ስንጥቁን በምላጭ እንደ ሸለቆ ሰፋ አድርገው ከፍተው፣ በሚተጣጠፍ ማጣበቂያ በስስ በስሱ ሞልተው፣ አሸዋ መሰል ቅርጹን በሚረጭ ቀለም መመለስ ይቻላል። አስቀድሞ ግን ለዓመታት የተቀባውን የማብረቂያ ሲሊኮን ጠራርገው ማጽዳት አለብዎት፤ ሲሊኮን ባለበት ላይ ቀለም አይዝም።

አዲስ አምፖል

ጥቅሉ ከተፈታ አይቀር ሁሉንም የዳሽቦርድ አምፖሎች በኤልኢዲ ብትተካቸውስ? ሙቀታቸው አነስተኛ ነው፣ የሚስቡትም ጥቂት ነው፤ ለአሮጌ ሽቦ እፎይታ ይመስለኛል።

ሽቦ ቆጣሪ

ለመለኪያ መብራቶቹ ይቻላል። የጄኔሬተር ማስጠንቀቂያ መብራቱን ግን አይንኩት። የባለ 68ቱ መኪና የድሮው ዓይነት ጄኔሬተር (ዲናሞ) ስላላት መብራቱ የሚያገለግለው ለማመልከት ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል ከባትሪው፣ በሌላ በኩል ከዲናሞው ቮልት ይደርሰዋል፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይጠፋል። ኋላ በዲናሞ ፈንታ አልተርኔተር በተገጠመላቸው ብዙ መኪኖች ግን አልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚያው አምፖል በኩል ነው። በኤልኢዲ ከተተካ የሚያልፈው ስለሚያንስ አልተርኔተሩ ቻርጅ ላይጀምር ይችላል። የፍሬቻ አምፖሎችም ቢሆኑ የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) በአምፖሎቹ ጭነት የሚሠራ ስለሆነ በኤልኢዲ ሲተኩ ምቱ ይበላሻል።

ፖዘቲቫቸው ወደ አካሉ የታሰረ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ያሏችሁ ደግሞ ዘመናዊ ዕቃ ከመግጠማችሁ በፊት ይህንን አረጋግጡ፤ ተገልብጦ የተገናኘ ሬዲዮ ወይም ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ወዲያው ይቃጠላል።

ባለ 68ቱ

ለሦስት ሳምንት ያህል ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ ልንገራችሁ።

የታንከሩን ሽቦ ስነቅል መርፌው ሙሉ ላይ ቀረ። መለኪያውን ከመጠርጠሬ በፊት ሽቦውን ከመለኪያው ጀርባም ነቅዬ ከአካሉ ጋር ያለውን ተቃውሞ በቴስተር ለካሁ፤ ዜሮ ነበር። ከዚያ ከመለኪያው ጀምሬ ሽቦውን በጣቴ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ሬዲዮው በነበረበት ቀዳዳ በስተቀኝ፣ የሬዲዮውን መያዣ ያሰረው ብሎን አሁንም እንደተሰካ ነበር። ብሎኑ ከሚገባው በላይ ረጅም ነው፤ ላሜራውን በስቶ ወጥቶ በቀጥታ የሽቦ ጥቅሉን ወግቶታል። በካቻቢቴ ቀስ እያልኩ ሳወጣው በጥርሶቹ መካከል ሁለት የመዳብ ክሮች ተጠምጥመው ወጡ። ቀዳዳውን በመብራት ሳየው የታንከሩ ሽቦ ሽፋን ተበስቷል፤ ከጎኑ ያለው ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣውና ፊውዝ የሌለው ቀይ ሽቦ ደግሞ ሽፋኑ ተፍቆ፣ መዳቡ ሊታይ የወረቀት ያህል ቀርቶታል። ከዚያ ብሎን ፊት ለፊት፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ታንከሩ አለ። አባቴ እኛን ልጆቹን በዚህች መኪና ለስንት ዓመት እንደያዘን ሳስብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

የመብራቱ ልኬትም እንደተባለው ሆነ። ከ1.1 ቮልቱ 0.4 የጠፋው በፊውዙ ላይ፣ ሌላ 0.4 የሚሆነው በዚያ በእጅ በተጠመዘዘ ቅጥል ላይ ነበር። የግራውንዱን ነጥብ ስፈታው ከተርሚናሉ ሥር ቀለም አገኘሁ፤ ማለትም መኪናዋ አንድ ጊዜ ቀለም ስትቀባ በላዩ ላይ ተቀብቶ መልሶ ታስሯል።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ከፊውዝ ሳጥኑ እስከ ዳሽቦርዱና እስከ ፊት መብራቶቹ ያለውን ሙሉ በሙሉ እተካለሁ፤ ቀለሞቹንም ከፋብሪካው ጋር አንድ አደርጋለሁ። ወደ ኋላ የሚሄደው ግን ማንም አልነካውም፣ ሽፋኑ ይታጠፋል፣ መዳቡም ብሩህ ነው፤ ስለዚህ ይቆያል። የቀረኝ ጥያቄ ተርሚናሎቹን በካውያና በሊድ ልበይዳቸው ወይስ ልጨምቃቸው የሚለው ነው።

ነሐስና መዳብ

መጭመቅ ይሻላል፤ በዚህ አልደራደርም። ሊድ ሲቀልጥ በመዳቡ ክሮች መካከል ተስቦ ከሽፋኑ ሥር ይገባል፤ ያ ክፍል እንደ ጠንካራ ዘንግ ይሆናል። መኪና ደግሞ ይንዘፈዘፋል። ጠንካራው ክፍል አልቆ ለስላሳው በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ክሮቹ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ፤ ከውጭ ሲታይ ግን ሽቦው ደህና ነው። በትክክለኛ መጭመቂያ የተሠራ ተርሚናል ሁለት ቦታ ይይዛል፤ የፊተኛው መዳቡን፣ የኋለኛው ሽፋኑን። ከጨመቁ በኋላ ጠበቅ አድርገው ይሳቡት፤ ከወጣ አልተጨመቀም። በተራ ፒንሳ ግን እንዳይሞክሩት።

የድሮ መርፌ

በዚህ ላይ ትንሽ ልዩነት አለኝ። ከመለኪያዎቹ ጀርባ፣ ቤቱ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ለሚቀመጥ ቀጭን ሽቦ፣ የተበየደ ግንኙነት ለዘመናት ሲያገለግል አይቻለሁ። በሞተሩ አካባቢና በር መተላለፊያ ላይ ግን የወንድሜ ሐሳብ ትክክል ነው።

ሽቦ ቆጣሪ

የትኛውንም ቢመርጡ ሽቦው ላሜራ በሚያቋርጥበት ሁሉ ጎሚኒ (የቀዳዳውን ጠርዝ የሚሸፍን የጎማ ቀለበት) አይቅር፤ ጎሚኒ የሌለው የላሜራ ጠርዝ እንደዚያ ብሎን ያለ ጉዳት ያደርሳል። ጥቅሉንም ሙጫ በሌለው የፕላስቲክ ናስትሮ ወይም በጨርቅ ናስትሮ ይጠቅልሉት።

ባትሪውን መልሰው ሲያገናኙ በቀጥታ አያገናኙት። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው፣ በባትሪውና በግራውንድ ገመዱ መካከል ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ያስገቡ። ይህ አምፖል ከ1.75 አምፔር በላይ አያሳልፍም፤ ስለዚህ አንድ ሽቦ በስህተት አካሉን ቢነካ እንኳ የሚሆነው አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ መብራት ብቻ ነው፣ የሚቃጠል ነገር አይኖርም። ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ ከበራ ስህተት አለ። ከጠፋ አንድ በአንድ እያበሩ ይፈትሹ። ሞተሪኖውን ግን በዚህ ሁኔታ አያስነሡ።

ባለ 68ቱ

ተፈጸመ። ዳሽቦርዱ ታንከሩ ወጥቶ ተበይዷል፤ ቀለሙም በመጀመሪያ የነበረው ነው፤ የቀዳዳው ቦታ በጣት ሲዳሰስ እንኳ አይታወቅም። አዲሱን የፊት ጥቅል ሳስገባ በየቀዳዳው ያለፈውን አሮጌ ቅርንጫፍ ጫፍ በሲባጎ አስሬ እየሳብኩ ሲባጎውን በቦታው ተውኩት፤ በዚያው ሲባጎ አዲሱን ሳብኩ።

አምፖሉን በባትሪውና በገመዱ መካከል አድርጌ ሳገናኝ ደብዘዝ ብሎ በራ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ግንኙነቶቹን ሁሉ ደግሜ ካየሁ በኋላ በሩ ክፍት ስለሆነ የጣሪያው መብራት መሆኑን ተረዳሁ። በሩን ስዘጋው ጠፋ። ቀጥሎ ቁልፉን አዞርኩ፤ የዘይቱና የጄኔሬተሩ መብራቶች በሩ። ፍሬቻው፣ ፍሬኑና ክላክሱ ከተፈተሹ በኋላ አምፖሉን አውጥቼ ባትሪውን በቀጥታ አገናኘሁ። አጭር መብራት በርቶ በአምፖሉ ላይ አሁን የሚደርሰው 12.0 ቮልት ነው። ፍሬቻው ሲመታም የዳሽቦርዱ መብራት አይደበዝዝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በዝግታ ስነዳ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ይንቀጠቀጣል።

የድሮ መርፌ

ኬብሉ ደርቋል። በቢትል ኬብሉ የሚነሣው ከግራው የፊት ጎማ ነው፤ አራት ማዕዘን ጫፉ በጎማው መሃል ባለው የአቧራ መክደኛ ወጥቶ በትንሽ ቅንጥብ ይያዛል። ቅንጥቡን አውጥተው የውስጡን ኬብል ከመለኪያው በኩል ይሳቡት፣ ያጽዱት፣ በስሱ ግራሶ ቀብተው ይመልሱት። ወደ መለኪያው የሚገባውን የመጨረሻውን አንድ ጋት ያህል ግን ደረቅ ይተዉት፤ ግራሶው ተሽከርክሮ ከወጣ ወደ መለኪያው ይገባል። በመለኪያው ውስጥ የሚሽከረከር ማግኔትና እሱን ሳይነካ የሚከተል ስስ የአሉሚኒየም ሳህን አለ፤ በመካከላቸው ግራሶ ከገባ መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያሳያል። ኬብሉ ከዳሽቦርዱ ኋላ በጠባቡ ተጣጥፎ እንዳይሆንም ያስተውሉ።

ባለ 68ቱ

ኬብሉ የደረቀ ብቻ ሳይሆን ዝገት ነበረበት፤ አጽድቼ መለስኩት፣ መርፌው ጸጥ ብሏል። ዛሬ ጠዋት ባዶ በነበረው ታንከር 10 ሊትር ጨመርኩ። ታንከሩ የሚይዘው 40 ሊትር ነው። ቁልፉን ከፍቼ ጠበቅኩ፤ መርፌው ከባዶ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወጣና ሩቡ ላይ ቆመ።